ከእንሰት ጓሮ እስከ መኪና በር

የመኪና ነገር በተነሣ ቁጥር ዛሬ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው በምን ኃይል እንደሚንቀሳቀስ ነው። በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይስ በኤሌክትሪክ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ከምሁራን መድረክ አልፎ የየከተማው መነጋገሪያ ሆኗል። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም መኪናው ከምን ይሠራል የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ባልተናነሰ ሊያሳስበን የሚገባ ሆኖ ሳለ በአገራችን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው እርሱኑ ነው።

አቋማችንን ከመነሻው ግልጽ እናድርግ። ኢትዮጵያ ሙሉ መኪና መሥራት የምትችለው መቼ ነው በሚለው ክርክር ውስጥ አንገባም። የምንለው ይህን ነው፦ መልሶ ጥቅም ላይ በሚውሉና በዘላቂነት በሚገኙ ቁሶች ለሚሠራ የመኪና ኢንዱስትሪ የሚሆን ጅምር በእጃችን አለ። ጅምሩ የሚገኘው በወላይታ ጓሮ ባለው እንሰት፣ በቀጥቃጭ ወናፍ ሥርና በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ጆንያ ውስጥ ነው። ጅምሩን ወደ ኢንዱስትሪ ለማሸጋገር የጎደሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ መለካት፣ ደረጃ መመደብ፣ እንዲሁም ሠራተኛውን ማክበር። ሦስቱም የሳይንስ ትምህርት ቤት የማይመለከቱት ጉዳዮች አይደሉም።

የመኪና አካል ሲፈተሽ

በአንድ መካከለኛ አውቶሞቢል ክብደት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብረትና አረብ ብረት ነው። ቀሪውን አሉሚኒየም፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ መስተዋት፣ መዳብና ጨርቃ ጨርቅ ይከፋፈሉታል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ባትሪ ይታከልበታል፤ በባትሪው ውስጥም እንደ ዓይነቱ ሊቲየም፣ ግራፋይት፣ መዳብ፣ ኒኬል፣ ኮባልት ወይም የብረትና የፎስፌት ውህድ ይገኛል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከመሬት ተቆፍረው ወይም ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርተው የሚወጡ ናቸው፤ ሲቆፈሩም፣ ሲጣሩም፣ ሲቀልጡም ብዙ ኃይል ይበላሉ።

ይህ ጉዳይ በተለይ ለኢትዮጵያ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አገራችን ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ኃይል የሚገኝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ይህንኑ ያጠናክራል። እንግዲህ በውኃ ኃይል የተሞላ መኪና በመንገድ ላይ ሲሄድ ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ከምንም የማይቆጠር ከሆነ፣ መኪናው በዕድሜው ሙሉ በተፈጥሮ ላይ ከሚያደርሰው ጫና ዋናውን ድርሻ የሚይዘው ገና ሳይነዳ፣ በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ ውስጥ የደረሰው ይሆናል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እየጠራ በሄደ መጠን የቁሱ ጥያቄ እየገዘፈ ይሄዳል ማለት ነው። በነዳጅ ብቻ ያየነው ጉዳይ ግማሽ መልስ ያገኘው ለዚህ ነው።

የተገለገልንበትን ቁስ መልሶ ማቅለጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚያድን ለመረዳት አሉሚኒየምን መመልከት ይበቃል። አሉሚኒየምን ከባውክሳይት ማዕድን ለማውጣት ከኦክስጅን ጋር ያለውን ብርቱ ትስስር በኤሌክትሪክ መበጠስ ያስፈልጋል። አሮጌውን አሉሚኒየም ለማቅለጥ ግን ትስስሩ አስቀድሞ ስለተበጠሰ ከመጀመሪያው ኃይል 5 በመቶ ገደማ ይበቃል። ከአደጋ የተረፈ የሞተር አካል በአጥር ሥር ሲበሰብስ የምናየው ብረት ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተከፈለ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ጭምር ነው።

ከፎርድ እስከ ትራባንት

ከተክል መኪና የመሥራት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1941 በብረት ቱቦ አጽም ላይ ከእርሻ ውጤቶች የተሠሩ የፕላስቲክ ገጾች የተገጠሙለትን መኪና ለሕዝብ አሳይቷል። መኪናው ከናሙናነት አላለፈም፤ ጦርነቱም ነዳጅ በርካሽ የተገኘበት ዘመንም ሐሳቡን ዋጡት። ከዚያ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረን የምሥራቅ ጀርመኑ ትራባንት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1991 ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ መኪና የውጭ ገጹ የተሠራው ከጥጥ ፋብሪካ ተረፈ ምርትና ከፌኖል ሙጫ ነበር። አገሪቱ የአረብ ብረት ዝርግ ስላጠራት በእጇ ያለውን ተረፈ ምርት ተጠቀመች፤ ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ የፌኖል ሙጫ አንዴ ከደረቀ ዳግመኛ የማይቀልጥ ዓይነት ነው። በዚህ የተነሣ መኪኖቹ ባረጁ ጊዜ ገጻቸውን አቅልጦ ሌላ ዕቃ መሥራት አልተቻለም።

ከትራባንት የምናገኘው ትምህርት አንድ ዕቃ ዘላቂ መባሉ የሚመዘነው ከምን ተሠራ በሚለው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሲያረጅ ወዴት ይሄዳል የሚለውም ከዚያ እኩል ይመዝናል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ከሕግ አግብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ2015 ጀምሮ ያረጀ መኪና ከክብደቱ 95 በመቶው ተመልሶ ጥቅም ላይ መዋል ወይም ኃይል ማመንጨት አለበት። የኅብረቱ ኮሚሽን በ2023 ደግሞ በአዲስ መኪና ውስጥ ካለው ፕላስቲክ 25 በመቶው ከአሮጌ ፕላስቲክ የተሠራ እንዲሆን የሚጠይቅ ረቂቅ አቅርቧል። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠራ ማንኛውም የመኪና ፋብሪካ እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቁስ ሲፈልግ መኖሩ የማይቀር ነው።

ያልተመሰገኑት መሐንዲሶች

በአገራችን አሮጌ መኪና ከሞላ ጎደል አይጣልም። የተገለገለ ባሌስትራ በቀጥቃጭ እጅ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይሆናል። የአሮጌ መኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜልና ከቆርቆሮ ስንት ዓይነት ዕቃ እንደሚወጣ የማያውቅ የለም። በአዲስ አበባ መንደሮች ‹‹ቆራሌው›› እያለ የሚዞረው ሰብሳቢም ሌላ አገር የከተማ አስተዳደር በብዙ ገንዘብ የሚያሠራውን የመለየት ሥራ በራሱ እግርና ጆንያ ይሠራል።

የቀጥቃጩ ሥራ በሳይንስ ዓይን ሲታይ ቀላል አይደለም። ባሌስትራ የሚሠራው መካከለኛ የካርቦን መጠን ካለውና ሲሊከን፣ ማንጋኒዝ ወይም ክሮሚየም ከተጨመረበት አረብ ብረት ነው። ቀጥቃጩ ይህን ብረት በከሰል እሳት አግሎ ከቀጠቀጠ በኋላ ጫፉን ደማቅ ቀይ እስኪሆን ያግለውና በውኃ ይነክረዋል። በዚያች ቅጽበት በብረቱ ክሪስታል ውስጥ ያሉት የካርቦን አቶሞች መውጫ አጥተው በያሉበት ይታገታሉ፤ ብረቱም እጅግ ይጠጥራል፤ ግን ይሰባበራል። ቀጥቃጩም ቀለሙን እያየ ጥቂት መልሶ ያሞቀውና ስብራቱን ያበርድለታል። የሙቀት መለኪያው ዓይኑ ነው። በዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስ ትምህርት ውስጥ ብዙ ገጾች የሚወስደውን ርእስ እርሱ ከአባቱ በእጅ ተቀብሎታል።

ይህ ባለሙያ ግን በብዙ የአገራችን ክፍሎች፣ ወላይታን ጨምሮ፣ ለዘመናት በንቀት ዓይን ሲታይ ኖሯል። ከቀጥቃጭ፣ ከሸክላ ሠሪና ከቆዳ ፋቂ ቤተሰብ ጋር መጋባትና አብሮ መብላት ነውር የሚቆጠርበት ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። መኪና እንሠራለን የሚል ሕዝብ ብረት የሚያውቀውን ሰው እየናቀ እንደምን ይሳካለታል? ይህን የምንለው ለስብከት አይደለም። የእጅ ዕውቀት ከመማሪያ ክፍል ዕውቀት ጋር ካልተገናኘ ሁለቱም ጎዶሎ ሆነው ይቀራሉ፤ የሚያለያያቸው ግንብ ደግሞ የተሠራው በአብዛኛው ከንቀት ነው።

ጎማም የራሱ ሳይንስ አለው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ እንደሚጠነክር ካወቀ ወዲህ የመኪና ጎማ ሞለኪውሎች በድኝ ድልድዮች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። ጎማው የማይቀልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ፕላስቲክን አቅልጠን እንደገና እንቀርጻለን፤ ጎማን ግን መቁረጥ፣ መፍጨት ወይም ላዩን ማደስ እንጂ ማቅለጥ አንችልም። በረባሶ ሠሪው ይህን በተግባር ስለሚያውቅ እንደ ጨርቅ ይቀደዋል። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የመሠረተችው ሶል ሬብልስ የተባለው ጫማ ሠሪ ድርጅት ይህንኑ የበረባሶ ልማድ ይዞ ወደ ውጭ ገበያ መውጣቱ የሚናቅ ሥራ አለመኖሩን ያሳያል።

ብልሃት ብቻውን የማይበቃበት ቦታ

አሮጌውን ሁሉ መልሶ መጠቀም በራሱ በጎ ነው የሚል አመለካከት ግን ሊያሳስተን አይገባም። ሦስት ምሳሌዎች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የመዳብ ነገር ነው። አሮጌ መኪና ከነሽቦውና ከነትናንሽ ሞተሮቹ ሲቀልጥ መዳቡ ከብረቱ ጋር ይቀላቀላል። መዳብ በማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ከብረት በቀላሉ አይለይም። ከመቶ አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ ሲበዛ ብረቱ ግሎ ሲዳመጥ ላዩ እየተሰነጣጠቀ ያስቸግራል። ስለዚህ የመኪና ገጽ የነበረው ምርጥ ብረት በዳግም ሕይወቱ ለቤት ሥራ የሚውል ፌሮ ይሆናል። ፌሮ መሆኑ ክፋት የለውም፤ ሆኖም ክብሩ ዝቅ ብሏል፤ የመኪና ገጽ ለመሥራትም አዲስ ማዕድን መቆፈር ግድ ይሆናል። መፍትሔው የረቀቀ መሣሪያ አይሻም። ከማቅለጥ በፊት ሽቦውን በእጅ ነቅሎ ማውጣት ነው፤ የሰው ኃይል ለበዛበት አገር ይህ ሸክም ሳይሆን ዕድል ነው።

ሁለተኛው የእርሳስ ነገር ነው። ከተለያዩ ቁርጥራጮች ቀልጠው በእጅ የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ምግብ ሲበስልባቸው እርሳስና ካድሚየም ሊለቁ እንደሚችሉ በበርካታ የአፍሪካና የእስያ አገሮች የተካሄዱ ምርመራዎች አሳይተዋል። የሞተር አካል፣ የራዲያተርና የሌላ ብረት ቅልቅል ለድስት አይሆንም። የመኪና ባትሪን በጓሮ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ምንም ጉዳት የማያስከትል መጠን እንዳለውም አልታወቀም። ባትሪ የሰበረው ሰው ልብሱን ለብሶ ቤቱ ሲገባ መርዙን ለልጆቹ ይዞላቸው ይገባል።

ሦስተኛው ገና የሚመጣው ነው። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። ለመኪና የደከመ ባትሪ ለጤና ኬላ ወይም ለትምህርት ቤት የፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ ሆኖ ተጨማሪ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ በማያውቅ እጅ ከተከፈተ ግን እሳት ያስነሣል፤ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ንዝረትም ይገድላል። ባትሪዎቹ ከመድከማቸው በፊት የሚረከባቸው አካል ማን እንደሆነ የሚወስን ሥርዓት መኖር አለበት። አስመጪው ሲያመጣ ስለ መመለሻውም ቃል ቢገባ ተገቢ ነው እንላለን።

ከሻንቶ ዙሪያ ያለው ሀብት

አሁን ወደ ጓሯችን እንመለስ። ከወላይታ ሶዶ በስተሰሜን በዳሞት ፑላሳ ወረዳ፣ በሻንቶ ከተማና በዙሪያዋ እንደ ሌላው የወላይታ ምድር ሁሉ፣ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት አለ። እንሰት በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚመገቡት ወይም የሚደገፉበት ተክል ነው። ለመድረስ እንደ አካባቢው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ሴቶች የግንዱን ሽፋን ቅጠሎች አንድ በአንድ እየላጡ በተጋደመ ጣውላ ላይ ይፍቁታል። ከሚፋቀው ቆጮ፣ ከሚጠለው ፈሳሽ ቡላ ይገኛል። በጣውላው ላይ የሚቀረው ነጭ ጭረት ደግሞ ቃጫ ነው። ታጥቦና ደርቆ ገመድ ይሆናል፣ ቤት ይታሰርበታል፣ ለልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ይውላል።

ይህን ቃጫ ከመኪና ጋር ምን ያገናኘዋል? የእንሰት የቅርብ ዘመድ የሆነው አባካ በፊሊፒንስ የሚበቅል ተክል ነው። ሁለቱም ከሙዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ የመርሴዲስ ቤንዝ አምራች ኩባንያ በኤ-ክላስ መኪናው ላይ ተጠባባቂ ጎማ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ክፍል ከሥር የሚሸፍነውን አካል ከአባካ ቃጫና ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ መሥራት ጀመረ። ቀድሞ የመስተዋት ጭረት ይይዘው የነበረውን ቦታ ነው አባካ የወሰደው። ቦታው ደግሞ ከመኪናው ውጭ፣ ጠጠርና ጭቃ ውኃም የሚመታው ነበር። የእንሰት ቃጫ ጥንካሬስ? እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመውና ‹‹ረሃብን የሚከላከል ዛፍ›› ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ርእስ ያለው የእንሰት ጥናት የእንሰት ቃጫ ጥንካሬ ከአባካ ጋር የሚስተካከል መሆኑን መዝግቧል። በዚያን ጊዜም በዓመት 600 ቶን ገደማ የእንሰት ቃጫ ወደ ፋብሪካዎች ይላክ እንደነበር ያወሳል።

እስቲ በዚህ አሐዝ ጥቂት እናስላ። የተክል ቃጫ የሚጠቀሙ የአውሮፓ መኪኖች በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ቃጫ ይይዛሉ። ትልቁን ብንወስድ እንኳ 600 ቶን ለ60 ሺህ መኪኖች ይበቃል። ይህም በየጓሮው ቆርጦ የሚጣለውና የሚበሰብሰው ሳይቆጠር ነው።

የጥምር ቁስ ምሥጢር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ የገባበት ግን ግድግዳውን ለብዙ ዓመታት ይይዛል። ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የሚለው ብሂል የዚህን ሳይንስ ግማሹን ይዟል። ሌላው ግማሽ ድሮቹን አንድ ላይ የሚያስተሳስረው ሙጫ ነው። በመኪና በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ጭዱን ቃጫ፣ ጭቃውን ፖሊፕሮፒሊን ይተካል። ሁለቱ እንደ ብርድ ልብስ ተደርበው ይሞቃሉ፤ በቅርጽ ማውጫ ተጭነውም ጥቂት ቆይተው የበር ገጽ ሆነው ይወጣሉ። መስተዋት በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.5 ግራም ያህል ሲመዝን የተክል ቃጫ ከ1.3 እስከ 1.5 ግራም ነው። መኪናው በቀለለ መጠን ባነሰ ኃይል ይሄዳል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነም በአንድ ሙሌት የበለጠ ርቀት ይጓዛል።

እዚህ ላይ የሙቀት ጉዳይ ልብ ይሏል። የተክል ቃጫ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መክሰል ይጀምራል። ፖሊፕሮፒሊን በ165 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ከቃጫ ጋር ይስማማል። በየከተማችን ጎርፍ መውረጃ ውስጥ የምናየው የውኃ መያዣ ሃይላንድ ግን ከሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ቃጫውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሃይላንዱን ወደ ክር ለውጦ የመኪና ምንጣፍና የወንበር ጨርቅ ማድረግ፣ ፖሊፕሮፒሊኑን ደግሞ ከቃጫ ጋር መጫን ይሻላል። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ እየመሰለን በአንድ ጆንያ ስንከተው የምናጣው ይህን ዕድል ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያውና ከባዱ ተቃውሞ እንሰት ምግብ ነው የሚለው ነው። እኛም ከሁሉ አስቀድመን የምንፈራው ይህን ነው። የቃጫ ዋጋ ስለናረ ብቻ ያልደረሰ እንሰት የሚቆረጥ ከሆነ ለመኪና በር ሲባል ረሃብ ይመጣል። እንሰት ዝናብ በጠፋበት ዓመት ቤተሰብ የሚተርፍበት የቁም ጎተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ በሳይንስ የተገለጸው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ዛሬም ተክሉን እየጨረሰ በመሆኑ ጎተራው ከፊቱ ይልቅ ስስ ነው። ስለዚህ መርሓችን አንድ ነው፦ ቃጫ ሁልጊዜ ተረፈ ምርት ሆኖ ይቀጥል። ገዢው የሚገዛው ለምግብ ከተፋቀ እንሰት የተገኘውን ብቻ ይሁን። ክፍያውም በቀጥታ ለፋቂዋ ይድረስ፤ ወገቧ እስኪሰበር የምትፍቀው እርሷ ናትና። ሥራውን የሚያቀል መፋቂያ ማሽን ቢገባም የእርሷ ይዞታ እንዲሆን እንጂ እርሷን አስወጥቶ ሌላ እንዲያስገባ አንፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተክል ቃጫ ውኃ ይወዳል የሚል ነው። እውነት ነው። ቃጫ በአብዛኛው ሴሉሎስ ሲሆን የሴሉሎስ ሞለኪውል የውኃን ሞለኪውል ወደ ራሱ ይስባል። ፕላስቲኩ በአንጻሩ ውኃን ይሸሻል። ስለዚህ ሁለቱ በደንብ አይያያዙም፤ እርጥበት ሲገባም ቃጫው ያብጣል። ቃጫውን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማጠብ ላዩን አጽድቶና አሻክሮ መያያዙን ያሻሽለዋል። ነገር ግን የታጠበበት ውኃ ሳይገታ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ አረንጓዴ ያልነው ሥራ ዓሣ ይፈጃል። የአጠባው ውኃ በአሲድ ተመጣጥኖ መወገድ ይኖርበታል፤ ይህ ወጪም በዋጋው ውስጥ መቆጠር አለበት።

ሦስተኛው ቃጫው አንድ ወጥ አይደለም የሚል ነው። የእንሰት ዝርያው፣ ዕድሜው፣ ከውጨኛው ወይም ከውስጠኛው ሽፋን መፋቁ፣ በፀሐይ ወይም በጥላ መድረቁ ሁሉ ጥንካሬውን ይለውጠዋል። ፋብሪካ ደግሞ ዛሬ የገዛው ነገ ከሚገዛው ጋር እንዲመሳሰል ይሻል። ፊሊፒንስ ከዓለም የአባካ ምርት አብዛኛውን የምታቀርበው ተክሉ ስላላት ብቻ አይደለም፤ ቃጫው በቀለሙ፣ በአፋፋቁና በጥራቱ በመንግሥት ደረጃ እየተመደበ የሚሸጥበት ሥርዓት ስላላት ጭምር ነው። የእኛ ቃጫ ግን ዛሬም በእስር ይሸጣል።

አራተኛው፣ ማን ይገዛዋል የሚል ነው። በአዲስ አበባ አምቼ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከባድ መኪና መገጣጠም ከጀመረ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ገጣጣሚዎች ተከትለዋል። የሚገጠመው ግን እስከ በር ገጹ ድረስ በአመዛኙ ከውጭ የመጣ ነው። ከአውቶሞቢል መጀመር ካልተቻለ ከባጃጅ ይጀመር እንላለን። የወንበር መደገፊያ፣ የጣሪያ ውስጠኛ ገጽ፣ ከዚያም የተማሪ ዴስክ ላይኛው ጣውላ በዚሁ ዘዴ ሊሠሩ ይችላሉ። የሰውን ሕይወት ለአደጋ በማያጋልጡ አካላት ላይ ተለማምዶ፣ እሳት የመቋቋም ፈተናውንም አልፎ ወደ መኪናው መግባት የብልህ መንገድ ነው።

ለእናንተ የምንለው

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከላይ የጎደለው መለካት ነው ብለናል። መለካት ውድ መሣሪያ እስኪገዛ አይጠብቅም። ከአንድ እንሰት ውጨኛ፣ መካከለኛና ውስጠኛ ሽፋን ቃጫ ወስዳችሁ በአንድ ሁኔታ አድርቁ። ከየዓይነቱ እኩል ርዝመት ያላቸውን ጭረቶች ቆጥራችሁ መዝኑ። ከዚያም እያንዳንዱን ጭረት አንድ ጫፉን በጣውላ ላይ አጥብቃችሁ ከሌላኛው ጫፍ ትንሽ ዕቃ አንጠልጥሉ፤ እስኪበጠስ ድረስ በዝግታ ውኃ ጨምሩበት። የበጠሰውን ክብደት በቃጫው የአንድ ሜትር ክብደት ስታካፍሉት ቀጭኑን ከወፍራሙ ጋር በፍትሕ የሚያወዳድር ቁጥር ታገኛላችሁ። በየዓይነቱ ሠላሳና አርባ ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱንም መዝግቡ፤ ፋብሪካ ከአማካዩ ይልቅ የሚፈራው ልዩነቱን ነውና። ሌላውን ቃጫ እርጥበት ባለበት ቦታ አሳድራችሁ እንደገና መዝኑ። የዝርያውን የአካባቢ ስም ከእናቶቻችሁ ጠይቃችሁ ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ከሻንቶ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከሶዶ ትምህርት ቤቶች ቢሰበሰብ ለደረጃ ምደባ የመጀመሪያው ድንጋይ ይሆናል።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንለው፣ የመመረቂያ ጥናቶች በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠግቡ አንዱ ካቆመበት ሌላው እንዲቀጥል ይደረግ። ቀጥቃጩም እንደ ጥናት ናሙና ሳይሆን እንደ መምህር ወደ ወርክሾፑ ይጋበዝ፤ ለሚያስተምርበት ሰዓትም ይከፈለው። ለኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩትና ለኢንዱስትሪ ፖሊሲ አውጪዎች የምንለው ደግሞ፣ የእንሰት ቃጫ ደረጃ ይውጣለት፤ የገጣጣሚ ፋብሪካዎች ማበረታቻም በአገር ውስጥ በተሠራው አካል መጠን ይለካ። አሮጌ መኪና የሚፈታበት፣ ባትሪና ዘይት በሥርዓት የሚለይበት፣ ሠራተኛው ጓንትና መከላከያ የሚያገኝበት ሥፍራ በየዞኑ ይዘጋጅ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከአቅማችን በላይ የሆነ አንድም ነገር አናይም። መኪና ከሠላሳ ሺህ ያህል ትናንሽና ትላልቅ ክፍሎች የሚገጣጠም ዕቃ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን፣ የበር ውስጠኛውን ገጽ ብቻ፣ በአስተማማኝ ጥራት ለመሥራት የበቃ አካባቢ ሁለተኛውን የሚሠራበትን መንገድ በዚያው ይማራል። ቃጫው አለ። ብረቱን የሚያውቅ እጅ አለ። ቁጥሩን የሚመዘግበው ደግሞ የዚህ መጽሔት አንባቢ ነው፤ ቀጣዩ የእንሰት ፍቅፈቃ በጎረቤት ሲጀመር ሚዛኑን ይዞ ቢገኝ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።